በሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ

 መንገድ ላይ ያላችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ እጃችሁ ግራሶ ነክቶ ጋራዥ ውስጥ የምትሰሙን መካኒኮች፣ መኪናችሁን ለሰው ሰጥታችሁ ስልክ የምትጠብቁ ባለንብረቶች፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ተሳቢ ሞዞና በውስጡ ስላለው ኩሽኔታ ነው።

ስለ ሞተር ብዙ ይወራል። ሞተር ሲታመም ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። ተሳቢ ግን ከኋላ ነው። እዚያ ከሚዞሩት ጎማዎች በአንዱ ውስጥ ኩሽኔታ ሲግል አብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚበራ መብራት የለም፤ ጩኸቱም በሞተሩ ድምፅ ይዋጣል። ሰው ወርዶ፣ ዞሮ፣ ዳስሶ ካላወቀው በቀር የሚታወቀው ጭስ ሲወጣ ወይም ጎማው ተነቅሎ ሲሄድ ነው። ያኔ ደግሞ ጉዳቱ ከተሳቢው አልፎ በእግሩ ለሚሄደው፣ ከፊት ለሚመጣው ሚኒባስ ይተርፋል። ስለዚህ ነው ይህን ጉዳይ ዛሬ ረጋ ብለን የምናየው።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከባድ ተሳቢ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 300 ጊዜ ያህል ይዞራል። አንድ ኩሽኔታ እንግዲህ ወደብ እስኪደርስ 270 ሺህ ጊዜ ገደማ ዞሯል ማለት ነው፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል፣ ያውም ኮንቴይነር ተጭኖበት። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ እስከ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፈውን የአፋር ሜዳ ያቋርጣል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው በዓይን በማይታይ ቀጭን የግራሶ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ካለ ብረት ብረትን አይነካም። ሽፋኑ ከጠፋ ቀሪው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

ሞዞ ማለት ጎማውና ታምቡሩ የሚታሰሩበት፣ በአክስሉ ጫፍ ላይ የሚዞረው ብረት መሆኑን ታውቃላችሁ። በውስጡ ሁለት ኩሽኔታ አለ፤ አንዱ ወደ አክስሉ፣ አንዱ ወደ ክዳኑ። ከውስጠኛው ጀርባ ኦይል ሲል ይቀመጣል። ከውጭ በኩል ዳዶ፣ የዳዶው መቆለፊያና ክዳን አለ። ኩሽኔታው ራሱ የውስጥ ቀለበት፣ የውጭ ቀለበትና በመካከላቸው የሚንከባለሉ ሮለሮች አሉት። ሮለሮቹን አንድ በአንድ ብታዩአቸው በአንዱ ጫፍ ወፈር፣ በሌላው ቀጠን ያሉ ናቸው።

ይህ ቅርጽ የመጣው ከጋሪ ነው። ሄንሪ ቲምከን አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ የፈረስ ጋሪ ሠሪ ነበር። ጋሪ ሲጫን ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋል። የያኔው ኩሽኔታ የጎኑን ግፊት አይችለውም ነበር። ቲምከንና ረዳቱ ዘንበል ብሎ የሚቀመጥ ሮለር አበጁ፤ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1898፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ አገኙ። ዛሬ ጣርማ በር ጠመዝማዛው ላይ ተሳቢ ሲታጠፍ ጎማውን በቦታው የሚያቆየው ያው አሠራር ነው።

ዘንበል ያለው ሮለር ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ሁለቱ ኩሽኔታዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ዘንበል ብለው ስለሚቀመጡ፣ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚሠሩ የሚወስነው ዳዶው ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ሮለሮቹ በቀለበቶቹ መካከል ይጨመቃሉ፤ ሲላላ ይንገዋለላሉ። እኔ እንደማምነው በመንገዶቻችን ላይ ከሚበላሸው ኩሽኔታ ብዙው በእርጅና የሚበላሽ አይደለም። ዳዶው በጠበቀባት በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው ዕጣው የሚወሰነው።

በብዙ ጋራዦች የሚሰማውን ትዕዛዝ ታውቁታላችሁ፦ «እስኪጠብቅ አጥብቀውና ትንሽ መልሰው።» ትንሽ ማለት ስንት ነው? ለአንዱ እጅ ሩብ ዙር፣ ለሌላው ግማሽ ዙር ነው። ኩሽኔታው የሚፈልገው ግን በቁጥር የሚነገር ነገር ነው። የአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ማኅበራት የጥገና ምክር ቤት ለከባድ መኪናና ለተሳቢ ሞዞ ያወጣው መመሪያ ሥራው ሲያልቅ ሞዞው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚኖረው ጨዋታ ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠይቃል። ትልቁ ቁጥር እንኳ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። በእጅ ነቅንቆ ይህን ማወቅ አይቻልም። ዳያል ጌጅ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ የተቃጠለ ሞዞ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሠራሩን ላስረዳ። መጀመሪያ ዳዶው በቶርክ ሬንች 270 ኒውተን ሜትር ገደማ ድረስ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ሞዞው መዞር አለበት፤ አንድ ሰው ያጠብቃል፣ ሌላው ያዞራል። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱን ስለማያውቁ ይመስለኛል። ሞዞው ቆሞ ሲጠብቅ ሮለሮቹ ጠማማ ሆነው ይያዛሉ፤ ዳዶው ለእጅ የጠበቀ ይመስላል። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዙና የጠበቀው ሁሉ ላልቶ ይገኛል። ሞዞው እየዞረ ከጠበቀ ግን ሮለሮቹ እዚያው ተስተካክለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ይመለሳል። እንደገና ሞዞው እየዞረ 68 ኒውተን ሜትር ድረስ ይጠብቃል። ቀጥሎ እንደ ጥርሱ ዓይነት መመሪያው ባዘዘው ልክ ይመለሳል፣ ይቆለፋል፣ ጨዋታው በጌጅ ይለካል። ልክ ካልሆነ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። እነዚህ ቁጥሮች በዚያ መመሪያ ለሚሠሩ አክስሎች ናቸው። ከአውሮፓም ከቻይናም የሚመጡ አክስሎች የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው የአክስሉን ስምና ዓይነት ከታተመበት ላሜራ ላይ አንብባችሁ የአምራቹን መጽሐፍ ተከተሉ።

ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፤ ግራሶው ቀጥኖ ይፈሳል፤ ሮለሩ ብረት ለብረት ይፋጫል። በመጨረሻ ይነክስና ቀለበቱ በአክስሉ ጫፍ ላይ ወይም በሞዞው ውስጥ መዞር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ኩሽኔታ ብቻ አይሆንም፤ ሞዞውም አክስሉም ሄዷል። የላላው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያጠፋው። ጎማው ይወላገዳል፣ ኦይል ሲሉ በአንድ ጎን ይበላል፣ ግራሶው ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያጨቀያል። ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ይለወጣል።

አሁን ወደ ንጽሕናው እንምጣ። ሞጆ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አንጋፋ መካኒክ ከሞዞው የወጣውን ኩሽኔታ ለወጣቱ ሠራተኛ ሰጡት። ልጁ በናፍጣ አጠበው፤ ለማድረቅ የኮምፕሬሰሩን አየር ሲለቅበት ሮለሮቹ እያፏጩ መሽከርከር ጀመሩ። ደስ አለው፤ አዲስ ይመስል ነበር። እሳቸው ከተቀመጡበት ተነስተው፣ «ተው ልጄ፣ አታዙረው!» አሉት። ቅባት የሌለው ኩሽኔታ በአየር ሲዞር ፍጥነቱ መንገድ ላይ ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል፤ ፊቱ ይቧጨራል፣ ባስ ሲልም ሮለሮቹን የሚይዘው ማቀፊያ ተበትኖ ሮለሩ ዓይን ያጠፋል። «በጣትህ ይዘኸው አየሩን ከጎን ልቀቅበት» አሉት። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ እንዳሉት አደረገ። ቀጥለው ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተው ኩሽኔታውን እዚያ ላይ አስቀመጡ፤ መሬት ላይ ወይም ጎማ ላይ አላስቀመጡትም።

ከዚያ ግራሶ አሞላሉን አሳዩት። በግራ መዳፋቸው ላይ አንድ እፍኝ ግራሶ አደረጉ። ኩሽኔታውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ወፍራሙን ጫፍ ወደ መዳፋቸው እየጫኑ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ግራሶው በሮለሮቹ መካከል ገብቶ በቀጭኑ ጫፍ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ ደጋገሙት። ብቅ ሲል ትንሽ አዞሩና የሚቀጥለውን ቦታ ያዙ። ዙሪያውን እስኪጨርሱ ደቂቃዎች ወሰደባቸው። ላዩን ብቻ የተቀባ ኩሽኔታ ዓይንን ያታልላል፤ ውስጡ ግን ደረቅ ነው። ኦይል ሲሉንም ጠርዙን ግራሶ ቀቡት፤ ደረቅ ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይቃጠላልና። ሲያስገቡትም በመዶሻ ጥግ ጥጉን አልደበደቡትም፤ ልኩ የሆነ ቀለበት ከላይ አድርገው እኩል ገፉት።

የሞዞውን ሆድ በግራሶ መጠቅጠቅ ግን ጥሩ አይደለም። ብዙ ሰው «ሲበዛ ይሻለዋል» ይላል። የተረፈው ግራሶ በሮለሮቹ ሲታሽ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ሸራው ላይ ይፈሳል። በሁለቱ የውጭ ቀለበቶች መካከል ያለው ጎድጓዳ ከቀለበቶቹ ደረጃ ጋር እኩል እስኪሆን ከተሞላ ይበቃል።

የግራሶውን ዓይነት በቀለሙ አትምረጡት። ቀለም አምራቹ የሚጨምረው ነው፤ ሁለት ቀይ ግራሶዎች ጨርሶ የማይስማሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጎማ ኩሽኔታ በብዛት የሚመከረው ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው፣ ውፍረቱ ቁጥር 2 የሆነው ነው። ይህ ዓይነት ቀልጦ መንጠብጠብ የሚጀምረው ከ250 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ርካሹ ተራ የካልሲየም ግራሶ ግን 100 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ለሌላ ሥራ ደህና ቢሆንም ፍሬን ለሚያግለው ሞዞ አይሆንም። የቀድሞው ምን እንደሆነ ካልታወቀ አሮጌውን ጨርሶ አጥቦ አውጥቶ አዲሱን መሙላት ነው። ሞዞአችሁ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ላይ ያለችውን መስኮት ጠርጋችሁ መጠኑን በየጉዞው ተመልከቱ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶታል።

ውኃ ካልን አይቀር፣ የማይጠረጠር ቦታ ላይ የሚገባበትን መንገድ ልናገር። ተሳቢ ከረጅም ጉዞ ገብቶ ሞዞው ግሎ ሳለ በቀጥታ ላቫጆ ይገባል፤ ወይም ረዳቱ ወንዝ ዳር አውርዶ ያጥበዋል። የጋለ ሞዞ ውስጥ ያለው አየር ሰፍቷል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋበት አየሩ በድንገት ይኮማተራል፤ ያኔ ሞዞው በኦይል ሲሉ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ከውጭ ታጥቦ ያማረ ተሳቢ በውስጡ ዝገት ይጀምራል። ከአፍዴራ ጨው የምታመላልሱ ወንድሞች ይህ ለእናንተ የበለጠ ይመለከታችኋል፤ ጨው ያለበት ውኃ የኩሽኔታን ፊት ቶሎ ይበላል። ሞዞው እጅ የሚያስይዝ እስኪሆን ጠብቁ። የላቫጆውን የግፊት ውኃም በኦይል ሲሉ ላይ አታነጣጥሩት። በጎርፍ ውስጥ ያለፈ ተሳቢ፣ ውኃው ሞዞውን ከሸፈነው፣ ሳይውል ሳያድር ቢከፈት ይሻላል።

አሁን ለረዳቶች። በዚህ ሥራ ውስጥ ከማንም በላይ ተሳቢውን የምታድኑት እናንተ ናችሁ ብዬ አምናለሁ። መኪናው በቆመ ቁጥር ጎማ በመዶሻ እንደምትመቱ ሁሉ ሞዞንም በእጅ ዳስሱ። በመዳፍ አትጀምሩ፤ የእጃችሁን ጀርባ ጠጋ አድርጋችሁ ሙቀቱን ስሙ፣ ከዚያ ንኩት። ብረት 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እጅ ይዞት መቆየት አይችልም። ይሁን እንጂ ዋናው ነገር ማነጻጸር ነው። በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ሞዞዎች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ሁሉም ለብ ብለው አንዱ ከጋለ፣ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

የት እንደምትዳስሱም ልዩነት አለው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ እንዳቆማችሁ ብትነኩት ሁሉም ግሎ ታገኙታላችሁ፤ ያ የፍሬን ሙቀት ነው፣ ስለ ኩሽኔታ ብዙ አይነግራችሁም። ከገዋኔ በሜዳው፣ ፍሬን ብዙ ሳትነኩ መጥታችሁ ሚሌ ጉምሩክ ጋ ስትቆሙ የሚገኘው ሙቀት ግን የኩሽኔታው ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ የምትጠብቁት ጊዜ ሁሉንም ሞዞ ለመዞር ይበቃል። ስትዞሩ ቸርኬው ውስጥ በኩል ዘይት ወይም ግራሶ የተረጨ መስመር መኖሩን፣ ክዳኑ መላላቱን፣ የጎማው ጥርስ በአንድ ጎን መበላቱን እዩ።

የተጠረጠረው ጎማ መነሳት አለበት። ደልዳላ መሬት፣ ሌሎቹ ጎማዎች ላይ ታኮ፣ ክሪክ፣ ከዚያም ጠንካራ መቆሚያ። ክሪክ ብቻውን በቆመበት ተሳቢ ሥር ማንም ሰው እግሩን እንኳ አያስገባ። የተሳቢው ፍሬን አየር ሞልቶ መለቀቁን አረጋግጡ። ከዚያ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ሌላውን እጅ አክስሉ ላይ አድርጉ። ደህናው ዝም ብሎ ይዞራል፤ የተበላሸው ድርድር የሚል ንዝረት እስከ መዳፋችሁ ይልካል። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት፤ ለድርብ ጎማ ረጅም ብረት ከሥር አስገብታችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። በእጅ የሚታወቅ ጨዋታ ካለ አስቀድሜ ካልኳችሁ ልክ ብዙ አልፏል።

የወጣውን ኩሽኔታ ሳታነቡት አትጣሉ። ሰማያዊ ወይም ቡናማ የሆነ ብረት ግሏል፤ ወይ ጠብቋል ወይ ደርቋል። በሮለሮቹ ርቀት ልክ የተደረደረ ጥቁር የዝገት መስመር ውኃ ገብቶ ቆሞ መኖሩን ያሳያል። ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ የተነሳ ፊት ከድካም ወይም ከጭነት ብዛት የመጣ ነው። ጥቃቅን ጭረት አቧራ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ብታስገቡ እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። አዲስ ሲገባም የውስጡና የውጩ ቀለበት አብረው ይለወጣሉ። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ሮለር ማስገባት ብር መቆጠብ መስሎ ብር ማቃጠል ነው።

ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ ቦታ ስትገዙ ከሣጥኑ ይልቅ ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። 33213 ከሆነ 13 በ5፣ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ 33118 ከሆነ 90። በኢንች የሚቆጠሩት ሌላ ቁጥር አላቸው። የታዋቂ ፋብሪካ ስም የታተመበት አስመሳይ ኩሽኔታ የዓለም ሁሉ ችግር ነው፤ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ሮለሮቹ አንድ ዓይነት የማያበሩ፣ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የወረደ ከሆነ አትግዙት።

ሞዞ መንገድ ላይ ቢያጨስስ? «ሚሌ ልድረስና» አትበሉ። ቦቴ የምትይዙ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትጨምሩ። ከሰው፣ ከማደያና ከደረቅ ሣር ራቅ ብላችሁ አቁሙ። ነበልባል ከሌለ ሞዞውና ታምቡሩ ላይ ውኃ አትድፉ፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ፊት ያቃጥላል። ራሱ ይብረድ። ጎማው ከተያያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእሳት ማጥፊያው ነበልባሉን ቢያጠፋውም ጎማ ከውስጥ ግሎ ስለሚቆይ እንደገና ይነሳል፤ ብዙ ውኃ ያስፈልገዋል። ጎማው ሊፈነዳ ስለሚችል ከጎኑ ማንም አይቁም። ጊዜ ከሰጣችሁና ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ ጎታቹን ለዩት።

ባለንብረቶችም አንድ ሒሳብ ስሙኝ። የሮለር ኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ እጅግ ፈጥኖ ነው የሚቀንሰው። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ቀመር መሠረት ጭነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር የኩሽኔታው ዕድሜ ወደ 55 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በ30 በመቶ ሲጨምር ወደ 42 በመቶ። ትርፍ የተጫነው ኩንታል ካመጣው ገንዘብ ላይ ይህ ኪሳራ ይቀነሳል፤ የቆመበት ቀንም ይቀነሳል። «ዙር ጨምሩ» ሲባል የሚዘለለውም ሁልጊዜ የሞዞ ሰርቪስ ነው። ሾፌራችሁ «ጎማው ይሞቃል» ብሎ ከደወለላችሁ እመኑት፤ ያቁም።

ሥራው ሲያልቅ የጎማውን ዳዶዎች በልካቸው አጥብቃችሁ፣ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና አረጋግጡ። አንድ ደብተርም መኪናው ውስጥ ይኑር፦ የትኛው ሞዞ፣ በምን ቀን፣ በስንት ኪሎ ሜትር ተከፈተ፤ የኩሽኔታው ቁጥር ስንት ነው፤ ምን ግራሶ ገባ፤ ጌጁ ስንት አነበበ፤ ማን አጠበቀው። ሾፌር ቢቀየርም ደብተሩ ከተሳቢው ጋር ይሂድ።

በሚቀጥለው ሳምንት በተሳቢ የአየር ፍሬን ላይ እንገናኛለን።